ሰማዩ መቼ ይድናል?

ኪሩና፣ ስዊድን
ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለወይዘሮ አሰበች፣
መተማ ዮሐንስ

እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የቆላው ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? እኔ በጸሎትዎ ደህና ነኝ። ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለብኝ የለም ብዬ እንዳልጽፍ ሲዋሹዎት አይወዱም፤ ብዙ ነገር ጎድሎብኛል። ጤናው ግን አለ፣ ተመስገን።

ይህን ደብዳቤ አዲስ አበባ ላለችው ጓደኛዬ ለሮዳስ በኢሜይል እልክላታለሁ። እሷ አትማ ለጋሽ እንግዳው ትሰጣለች፤ እሳቸው ሰሊጥ አራግፈው ሲመለሱ በአይሱዙው ያደርሱልዎታል። የእርስዎንም መልስ በዚሁ መንገድ ያወጡልኛል። እናንተ ጋ ኔትወርክ ከተዘጋ ወዲህ ድምፅዎን ሳልሰማ ዓመት ሊሞላኝ ነው።

ባለፈው ደብዳቤዎ «ሰው ሲጠይቀኝ ሰማይ ትጠብቃለች እላለሁ፤ ከማን እንደምትጠብቂው ግን እኔም አላውቅ» ብለዋል። ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ አለቃዬ ደንግጦ ብቅ አለ። ስለዚህ ዛሬ ልንገርዎ። ምድራችንን ከሩቅ የከበቧት ትላልቅ ቀለበቶች አሉ፤ በዓይን አይታዩም። የምድር መግነጢስ ጠልፎ ያስቀራቸው፣ ኤሌክትሮን የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ነገሮች ይሽከረከሩባቸዋል። ብዙ ሳተላይቶች ውለው የሚያድሩት እዚያው ውስጥ ነው። ፀሐይ ስትቆጣ ኤሌክትሮኖቹ ይፈጥናሉ። የፈጠነው ኤሌክትሮን ሰሊጥ በጆንያ ስፌት እንደሚሾልከው የሳተላይቱን ብረት አልፎ ይገባና የሽቦው ልባስ ውስጥ ይቀመጣል። ሲጠራቀም ቆይቶ አንድ ቀን ብልጭ ይላል፤ ያኔ ሳተላይቱ ይታመማል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይሞታል። የእኔ ሥራ መቼ እንደሚበዙና የትኛው ሳተላይት ላይ ምን ያህል እንደሚገባ በኮምፒውተር ማስላት ነው። ዝናብ እንደመተንበይ ይቁጠሩት፤ እኔም እንደ ዝናብ ተንባዮቹ እሳሳታለሁ።

ባለፈው ሳምንት ፀሐይ ለብዙ ዓመት ያልታየ ቁጣ ተቆጥታ ነበር። በየአገሩ ሰው ደጅ ወጥቶ ሰማዩ ቀይና አረንጓዴ ሲሆን አየ። ይህን ላጠና ብዬ እስከ ምድር ጫፍ የመጣሁት እኔ ግን አላየሁም፤ እዚህ በግንቦት አይጨልምም። መጋረጃዬን ከፍቼ ብቆም ሰማዩ እንደ ማለዳ ነጥቷል። የሰው ፎቶ እያየሁ ተኛሁ።

አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። ወንድሜ አንዱአምላክ ከሱዳን እሑድ እሑድ የሚደውልበት የአሠሪው የአብዱረሕማን ስልክ፣ እናንተም ጋሽ ደረበ መጋዘን ተሰብስባችሁ የምታናግሩበት ስልክ፣ ሁለቱም የሚገናኙት በሳተላይት ነው። ስለዚህ ሰሞኑን ድምፁ ቢጠፋ አይደንግጡ። ሰማዩ ነው። ይመለሳል። ሲደውል «ፕሮፌሰሯ ሰላም ብላሃለች፤ ትራክተሩን ቀስ ብለህ ንዳ ብላሃለች» ይበሉልኝ።

ያሳደጉኝ እጆችዎን ስሜያለሁ።

ልጅዎ እስከዳር


መተማ ዮሐንስ
ሰኔ 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለእስከዳር፣

ሰላምሽ ይብዛ። የሰው አገር ብርድ አጥንትሽን አይንካው፤ ስትታመሚ ውኃ የሚያቀብልሽ ሰው አይጥፋ። እኔ እንደምታውቂኝ ነኝ፤ ጉልበቴ ይጮኻል፣ እኔም መልሼ እጮኽበታለሁ።

ደብዳቤሽ መንገድ ላይ ከርሞ ደረሰኝ። ቢዘገይም በሚያስፈልገኝ ጊዜ ደረሰ። ልጄ አንዱ በፋሲካ ዕለት ደውሎ «ለዘር እመጣለሁ፣ ቤት ያለውን ትራክተሬን ሰው እንዳይነካብኝ» ብሎኝ፣ ከዚያ ወዲያ ድምፁ የለም። ለዳግማይ ትንሣኤ ደረበ መጋዘን ሄደን ስንጠብቅ ዋልን፤ ስልኩ ጭጭ። በሚቀጥለውም ጭጭ። ልጅ ያለው ሁሉ፣ ባል ያለው ሁሉ ሰሊጥ ጆንያው ላይ ተደርድሮ ያንን ስልክ ያያል። የሙባረካን ባል ታውቂዋለሽ፣ እሱም እዚያው አብዱረሕማን እርሻ ነው ያለው። ሙባረካ ሆዷ ገፍቷል፤ እሷን ሳይ የራሴን እረሳለሁ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቅዳሜ ነበር። እሑድ ይዤው ሄድኩና ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሰሊጥ በጆንያ ስፌት ይሾልካል ያልሽው ላይ ስደርስ ጎረቤታችን ባየሽ «እውነቷን ነው፣ እኔ በየዓመቱ የሚፈስብኝ እኮ በስፌቱ ነው» ብላ ሁሉንም አሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅን። ደረበ አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ ቆየና «ልጅቱ ያለችው ነው፤ ሰማዩ ነው» አለ። ስልኩንም በጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ከተተው፤ እስኪድን አቧራ አይንካው ብሎ። የአብዱረሕማን ወኪል ሆኖ የኛን ለቅሶ ሲሰማ የሚውል እሱ ነውና እሱም ተንፈስ ያለ መሰለኝ።

አሁን እንግዲህ በየሳምንቱ «ከእስከዳር ምን መጣ?» ይሉኛል። አንቺ የሰማዩ ሐኪም፣ እኔ ያንቺ ፀሐፊ ሆነናል። ከነገርኳቸው ሁሉ ያላመኑኝ በግንቦት አይጨልምም ያልሽውን ነው። ባየሽ እንዴት ይተኛል ብላ ተጨንቃልሻለች፤ እኔም ተጨንቄያለሁ። በጥቁር ጨርቅ ዓይንሽን እሰሪ።

የሰው ማሳ በቅሏል። የእኔ ገና ነው። አንዱ እመጣለሁ ብሏልና ትራክተሩን ለሌላ አልሰጥም። ለጉልበቴ ቅባት ላኪ ብዬሽ ነበር፤ እሱን ተይው። ይልቅ ሰማዩ የሚድንበትን ቀን ጻፊልኝ።

ቆመሽ ቅበሪኝ።

አክስትሽ አሰበች


ኪሩና
ሐምሌ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ፣

ክረምቱ እንዴት ነው? ወባው እንዳይደፍርዎ አጎበሩን ይዘርጉ። የዚህ አገር ቢንቢ እንኳ ብርድ ያደነዘዘው ነው፤ ሲነክስ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። እዚህ ስለ ሥራዬ ንግግር ሳደርግ የሚያዳምጡኝ ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ግማሾቹም ሰዓታቸውን ያያሉ። ስለ ኤሌክትሮን የጻፍኩት መተማ ላይ ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ተነበበ ብዬ ለአለቃዬ ስነግረው አላመነኝም። ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ጥያቄዎን ደግሜ ሳነበው ደስታዬ ሄደ።

አክስቴ፣ ቀኑን ልጽፍልዎ አልችልም። የማውቀውን ልንገርዎ። የፀሐይ ማዕበል ካለፈ በኋላም አደጋው ወዲያው አያልፍም። በመጀመሪያው ቀን ቀለበቶቹ ባዶ የሆኑ ይመስላሉ፤ ሰው «አለፈ» ይላል። ኤሌክትሮኖቹ የሚበዙት ከዚያ በኋላ ነው፤ ወደ ውስጥ የገባውም ሳይታይ ተቀምጦ ይቆያል። ስለዚህ አንድ ሳተላይት ዘግይቶ ሊታመም ይችላል። ይህ እውነት ነው። የእናንተ ስልክ የሚሠራበት ሳተላይት ታሟል ወይ ለሚለው ግን ገና አላሰላሁትም። በዚያ ሳምንት ባለበት ከፍታ ምን ያህል ኤሌክትሮን እንደነበረ፣ ምን ያህሉ ብረቱን እንዳለፈ አንድ በአንድ አስልቼ እነግርዎታለሁ። ኮምፒውተሩ የጋራ ነው፤ ተራ እጠብቃለሁ።

እስከዚያ ግን እባክዎ ዘሩን አያቆዩ። ትራክተሩን ሰው ይንዳው። አንዱ ሲመጣ ቢቆጣ በእኔ ያሳብቡ፤ ድሮም እሱ የሚቆጣው እኔን ነው።

ትዝ ይልዎታል፣ ሙቀቱ ሲብስ አልጋዎቹን ግቢ አውጥተው ያስተኙን ነበር። አንዱ «ያቺ ኮከብ ትሄዳለች» አለኝ፤ እኔ ኮከብ አይሄድም ብዬ ተከራከርኩት። አጎንብሶ እየሳቀ ፕሮፌሰር ብሎ ስም አወጣልኝ። የሄደችው ሳተላይት ነበረች። የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ፤ ስሙ ግን እኔው ላይ ቀረ። እዚህ በዚህ ወቅት ኮከብ የሚባል የለም። ፀሐይዋ ለጥቂት ጠለቅ ብላ ትመለሳለች እንጂ አይጨልምም፤ ከሥራ ስመለስ ራት የምበላው ቀን በሚመስል ብርሃን ከግድግዳ ጋር ነው።

ለባየሽና ለሙባረካ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

ልጅዎ እስከዳር


መተማ ዮሐንስ
ጳጉሜን 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለእስከዳር፣

እንኳን ለዘመን መለወጫ አደረሰሽ። አዲሱ ዓመት ከሰው የምትቀላቀይበት ይሁንልሽ። ከግድግዳ ጋር እበላለሁ ያልሽው አልዋጥልሽ ብሎኛል። ጎረቤት የለሽም? አንኳኪና ግቢ። ምን ይሉሻል?

ዘሩን አታቆዪ ያልሽው የደረሰኝ ጊዜው ካለፈ ነው። ግማሹን ማሽላ አድርጌ አዳንኩት፣ ግማሹ ሣር በልቶታል። ሰው ያማኛል አውቃለሁ። ባየሽ እንኳ «አሰበች ትራክተር ታቅፋ ተኝታ ከረመች» አለችኝ፣ ፊት ለፊቴ። እሷ ከኋላዬ አታማኝም፣ ለዚያ ነው የምወዳት።

አሁን ወሬውን ልንገርሽ። የሙባረካ ባል መጣ! በእግሩ፣ ጋላባትን አልፎ፣ ጫማው ከእግሩ ጋር ተጣብቆ። እልልታው ሰፈሩን አናወጠው። እኔም እልል ብዬ ወዲያው ስለ አንዱ ጠየቅኩት። «እኔ ሌላ እርሻ ተዛውሬ ነበር፣ አላየሁትም» አለኝ። የጠየቅኩት ስለ አንዱ፣ እሱ የሚያየው መሬቱን። ደክሞታል ብዬ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ ግን መንገድ ላይ ሲያየኝ ወደ ሌላ ቅያስ ይታጠፋል። ሙባረካም ሕፃኑን ሳላቅፍ አትለቀኝም ነበር፤ አሁን ስታቀብለኝ ታለቅሳለች። አራስ ነች፣ ሆዷ ባብቶ ነው እላለሁ።

ሌላም አለ። ከፍልሰታ በኋላ አንድ ቀን ገና ሊነጋ ሲል በሬ ተንኳኳ። ብከፍት ንስሐ አባቴ፣ ደረበና እንግዳው ነጠላ አዘቅዝቀው ቆመዋል። ከኋላቸው ደግሞ ሴቶቹ። እስክዬ፣ እኔ የቆላ ሴት ነኝ፤ ስንቱን በር እኔም እንዲያ ሆኜ በንጋት አንኳክቻለሁ። ያ ሰዓት ለምን እንደሆነ ማን ይነግረኛል? ደብዳቤሽ ትራሴ ሥር ነበር። ሮጬ አመጣሁና እዚያው ደጃፍ ላይ አነበብኩላቸው፤ ዘግይቶ ሊታመም ይችላል፣ ይህ እውነት ነው ያልሽውን። «የተማረች ልጅ ገና እያሰላች እናንተ ከማን ሰማችሁ? ለወሬ ከሆነ ከሰዓት ኑ» ብዬ በሩን ዘጋሁባቸው። አባ መስቀላቸውን እንደያዙ ደጅ ቀሩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀሐይ ሳትወጣ በሬን አልከፍትም።

ትራክተሩ ጎን ላይ አንዱ የአብዱረሕማንን ስልክ ቁጥር በቀይ ቀለም ጽፎት ነው የሄደው። ይኸው ከደብዳቤው ጀርባ ገልብጬልሻለሁ። ሰማዩን ስትፈትሺ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ይረዳሽ እንደሆን ብዬ ነው። ቶሎ አስይልኝ፣ የኔ ልጅ። ለሰው የምመልሰው አለቀብኝ።

አክስትሽ አሰበች


ኪሩና
ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሽ እንግዳው፣

ሰላምታዬ ከነቤተሰብዎ ይድረስዎ። ይህን ሮዳስ ለብቻው አሽጋ ትሰጥዎታለች። የተጻፈው ለእርስዎ ነው፤ አክስቴ እንዳታየው።

ስሌቱን ጨረስኩ። በዚያ ሳምንት ሳተላይታችን ላይ የገባው ኤሌክትሮን ከአደጋው ወሰን በታች ነው። እንዳልተሳሳትኩ በሌላ መንገድም አየሁት፤ ያው ነው። አለቃዬ «ይህ እኮ ጥሩ ዜና ነው» ብሎ እጄን ጨበጠኝ። እውነትም ለሳተላይት ጥሩ ዜና ነው።

ከዚያ በኋላ አክስቴ የላከችልኝን ስልክ ቁጥር፣ ለስሌት ባልፈልገውም፣ ደወልኩበት። ጠራ። አብዱረሕማን ራሳቸው አነሱት። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው «አላህ ይርሐመው፣ አልነገሩሽም እንዴ?» አሉኝ። ከፋሲካ በኋላ የእርሻው ሠራተኞች ካምፕ ውስጥ የውኃ በሽታ ገባ። አንዱአምላክ ለሌሎቹ በትራክተር ንጹሕ ውኃ ሲያመላልስ ሰንብቶ እሱም ወደቀ። በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ሞተ። ከጎጃም የመጣ፣ ድሮ ዲያቆን የነበረ አንድ የቀን ሠራተኛ ጸሎት አደረሰለት፤ ማሳው ጠርዝ ካለው ኩርኩራ ዛፍ ሥር ቀበሩት። «ለደረበ የዚያኑ ዕለት ደውዬ ነግሬዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩን አያነሳም» አሉኝ።

ስለዚህ ስልኩ አልታመመም። ጋሽ ደረበ በስልክ መርዶ ሰምተው፣ እሑድ ለተሰበሰቡት እናቶች በስልክ መርዶ እንዳይነገር ስልኩን ማንሳት ተዉ። ጊዜ ጠብቀው አክስቴን እንደ ደንቡ ሊያረዷት ነበር። እዚህ መሐል የእኔ ደብዳቤ መጣ፤ ስልኩንም ሣጥን ውስጥ ከተቱት። እኔ ሳላሰላ፣ እንዲያው ሆዷ እንዳይባባ ብዬ የጻፍኳትን አንዲት መስመር ይዛ በሩን ዘጋችባችሁ። እርስዎም እያወቁ እነዚያን ደብዳቤዎች ተሸክመው አመላለሱ። አልወቅስዎትም፤ እንዴት ከብዶዎት እንደነበር አሁን ገብቶኛል።

ጋሽ እንግዳው፣ መርዶ በደብዳቤ አይነገርም፤ ይህን እርስዎ እስኪነግሩኝ አልጠብቅም። እኔ ራሴ እመጣለሁ። በሩን ያስዘጋሁባችሁ እኔ ነኝና እኔው ላስከፍተው። እስከዚያ ማንም አይሂድባት፤ የሙባረካም ባል ምንም እንዳይል ይንገሩልኝ። ከገና በኋላ እመጣለሁ፤ በዓሉን አላበላሽባትም። አባን፣ ጋሽ ደረበን፣ ባየሽንና ሙባረካን ያዘጋጁልኝ። ያን ቀን ሰው ያስፈልጋታል።

እኔ የሰማሁት ኮሪደር ውስጥ ቆሜ ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አንዲት ሴት አልፋኝ ስትሄድ ፈገግ አለችልኝ፤ እኔም ፈገግ አልኩላት። እዚህ ለቅሶ የሚቀመጡበት ቤት የለኝም። ጮኼ እንዳላለቅስ ግድግዳው ስስ ነው። ማግስቱን ሥራ ገባሁ።

እስከዳር


ኪሩና
ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለወይዘሮ አሰበች፣

እንደምን ከረሙ? የአጨዳው ወቅት እንዴት ሆነ? ዘንድሮ የቀን ሠራተኛው ከጎጃም እንደልብ ወረደ? እኔ ደህና ነኝ።

እዚህ በረዶ ጀምሯል። ከሰዓት በኋላ ወዲያው ይጨልማል፤ ሰው ሁሉ ግንባሩ ላይ መብራት አስሮ ነው የሚሄደው፣ ቢያዩ ይስቁ ነበር። አዲስ ጫማ ገዛሁ፣ ከሥሩ ሚስማር ያለው። እንዳዘዙኝ ጎረቤቴን አንኳኩቼ ገባሁ፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ድመት አላቸው። ቋንቋቸውን ገና በደንብ አልችልም፤ ዝም ብለን ድመቷን እናያለን። የጉልበትዎን ቅባት ገዝቼ አስቀምጫለሁ።

ደስ የሚል ነገር ልንገርዎ፤ ፈቃድ አግኝቻለሁ። ከገና በኋላ፣ ጥር መግቢያ ላይ እመጣለሁ። ብዙ አልቆይም፣ ግን እመጣለሁ። ቅባቱንም በእጄ አመጣዋለሁ። እስከዚያ ራስዎን ይጠብቁ፤ ምግብ አይዝለሉ። ሌላ ብዙ የሚጻፍ የለኝም።

እጅዎን ስሜያለሁ።

ልጅዎ እስከዳር


መተማ ዮሐንስ
ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለእስከዳር፣

ሰላም ለኪ። አጨዳው አልቋል፤ የሰው ሰሊጥ ታስሮ በየማሳው ቆሟል። የእኔ ማሽላ ደህና ነው። ሠራተኛው ወርዷል፤ ግቢዬ የጎጃም ልጆች ተከራይተው ሲዘፍኑ ያመሻሉ። ጉልበቴ ደህና ነው።

ደብዳቤሽን እንግዳው ሲሰጠኝ ሞተሩን አላጠፋም። ሌላ ጊዜ ቁጭ ብሎ ያስነበበኛል፤ አሁን ጭነት አለብኝ ብሎ ሄደ። አይሱዙው ግን ባዶ ነበር።

አነበብኩት። ከዚያ ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። ስለ ጫማ ጽፈሻል፣ ስለ ድመት ጽፈሻል። ስለ ሰማዩ አንድ ቃል የለም። እኔ ቀኑን ጻፊልኝ፣ ቶሎ አስይልኝ ብዬ ለምኜሽ፣ አንቺ አልደረስኩበትም እንኳ አላልሽኝም። ደግሞ ከገና በኋላ እመጣለሁ አልሽ። ከሰው አገር የሚመጣ ልጅ ለበዓሉ ይመጣል እንጂ በዓሉ ሲያልፍ ይመጣል? እኔን በዓሉን ልታስውዪኝ እንደሆነ ገባኝ። አንቺ ድሮም ልብሽ ርኅሩኅ ነው፤ መዋሸት ግን አታውቂበትም።

ምንም እንዳትጽፊልኝ። እንግዳውንም አልጠየቅኩትም፣ ደረበንም አልጠየቅኩትም። እሑድ መጋዘን መሄድ ትቻለሁ፤ ሴቶቹም ለምን አላሉኝም። እስኪያረዱኝ ድረስ እኔ የአንዱአምላክ እናት ነኝ፤ ልጄ ሱዳን ነው፣ የያዘው ሰማዩ ነው። ይቺን ጥቂት ጊዜ ተይልኝ። ትራክተሩን አጥቤዋለሁ። ቁጥሩ የተጻፈበትን ጎን ግን አላጠብኩትም።

አንድ ነገር ነው እንቅልፍ የነሳኝ። እኔ ላይ ሲመጡ አባ ይኖራሉ፣ ባየሽ ትይዘኛለች፣ ሙባረካ ውኃ ታመጣለች፤ ሰፈሩ ሁሉ ያለቅስልኛል። አንቺን ማን ነገረሽ? ማን ይዞሽ ነበር? ያ ድመት ያላቸው ሽማግሌ እንኳ ቀርበው አይዞሽ ብለውሽ ይሆን? እዚያ ብርድ ውስጥ ይህን ታቅፈሽ ለእኔ ስለ ጫማ ስትጽፊ እያሰብኩ አነጋለሁ። ነይ። ያላለቀስሽውን ይዘሽ ነይ፤ እዚህ እንደልብሽ ትጮኺያለሽ፣ የሚከለክልሽ ግድግዳ የለም።

ስትመጪ ገንዳ ውሃ ከተማ እደሪ። ቀን ለቀን አትምጪብኝ፤ በደንቡ ይሁን፣ በንጋት ነይ። ከጥር መግቢያ ጀምሮ በሩን አልቀረቅረውም። እነሱ ደጅ ይቆዩ፤ አንቺ ቀድመሽ ግቢ።

እናትሽ አሰበች